ኩላሊት ወይስ ሳንባ? በትንፋሽ የገባ ዩራኒየም የሚሄድበት መንገድ

በዩራኒየም ፋብሪካዎች ሠራተኞች ዱቄቶቹን የሚጠሩት በቀለማቸው ነበር። ከማዕድን ማጣሪያው በበርሜል ታሽጎ የሚመጣው ቢጫው ነው። ተጣርቶና ሞቆ ናይትሬቱ ሲለቀው «ብርቱካናማው ኦክሳይድ» ይሆናል። ከፍሎሪን ጋር ሲዋሃድ «አረንጓዴ ጨው» የሚሉት ይገኛል። በኃይለኛ ሙቀት የተቆላው «ጥቁሩ ኦክሳይድ» ነው፤ ለነዳጅ የሚዘጋጀው ደግሞ ቡናማ። በሚዛን ላይ ሁሉም ዩራኒየም ናቸው። ለሳንባ ግን አንድ አይደሉም። አንዱ በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊት ላይ ያርፋል፤ ሌላው ሠራተኛው ጡረታ ከወጣ በኋላም ከደረቱ ላይወጣ ይችላል።

ዩራኒየም ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ጨረርን ነው። ስህተት አይደለም፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ዩራኒየም ጨረር አመንጪ ከመሆኑ ጋር እንደ እርሳስና እንደ ካድሚየም ያለ ከባድ ብረት ነው፤ ጨረሩን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ በኬሚካል ባሕርዩ ብቻ ሰውን ሊመርዝ ይችላል። ከሁለቱ ጉዳቶች የትኛው ይቀድማል? ይህን የሚወስነው የገባው መጠን ብቻ አይደለም፤ ውህዱ በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የሚሟማበት ፍጥነትም ጭምር ነው። ይህን ሳያውቁ የሠራተኛን የሽንት ምርመራ ውጤት ማንበብ፣ ኪሎ ይሁን ግራም ያልተጻፈበትን ቁጥር እንደማንበብ ነው።

ጉዳዩ የቆየ ቢሆንም ዛሬ ማንሳቱ ምክንያት አለው። በ2023 መጨረሻ ዱባይ ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ከ20 የሚበልጡ አገሮች የዓለምን የኑክሌር ኃይል የማመንጨት አቅም እስከ 2050 ሦስት እጥፍ ለማድረስ እንደሚጥሩ አስታውቀዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ዕቅድ ሲወራ የሚነሱት ማመንጫዎቹ ናቸው። ነዳጁ ማመንጫው ደጃፍ ከመድረሱ በፊት ግን በማዕድን ማውጫ፣ በማጣሪያ፣ ወደ ጋዝ በሚለወጥበት ፋብሪካ፣ በማበልጸጊያና በነዳጅ መሥሪያ በኩል ያልፋል። በእያንዳንዱ ደረጃ በርሜል የሚከፍት፣ ማጣሪያ ጨርቅ የሚቀይር፣ የተዘጋ ቧንቧ የሚፈታ ሰው አለ። አቧራውን የሚተነፍሰው እሱ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልለይ። የከርሰ ምድር ማዕድን ቆፋሪዎች ታሪክ ሌላ ነው። እነሱን በገፍ በሳንባ ካንሰር የጨረሰው በዋናነት ዩራኒየሙ ራሱ ሳይሆን ከዓለቱ የሚወጣው ሬዶን የተባለ ጋዝና የእሱ ዝርያዎች ናቸው። በምሥራቅ ጀርመኑ የቪስሙት ማዕድን የሠሩ ወደ 59,000 የሚጠጉ ወንዶች ለአሥርት ዓመታት የጤና ክትትል ተደርጎባቸው የሬዶንና የሳንባ ካንሰር ቁርኝት በማያሻማ ሁኔታ ታይቷል። እዚህ የምናነሳው ከጉድጓዱ ውጪ ያለውን፣ ተጣርቶ የወጣውን ዩራኒየም በዱቄትም ሆነ በጋዝ መልኩ የሚይዘውን ሠራተኛ ነው።

ከአፍንጫ እስከ አየር ከረጢት

በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚንሳፈፍ ብናኝ መጠኑ የተለያየ ነው። ለስሌት ሲባል የጨረር ጥበቃ ባለሙያዎች ለሠራተኛ 5 ማይክሮሜትር የሚል መነሻ ይወስዳሉ። ይህ ግን «የአየር ዲያሜትር» ነው፤ ብናኙ በአየር ውስጥ ሲወድቅ የሚያሳየው ባሕርይ እንጂ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ስፋት አይደለም። ዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ከውሃ 11 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ፣ እንደ 5 ማይክሮሜትር የሚቆጠረው ብናኝ በእውነቱ 1.5 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው። እጅግ ደቃቅ፣ ግን እንደ ጠጠር ከባድ።

እንዲህ ያለ ብናኝ ሲተነፈስ 80 በመቶ ያህሉ በመተንፈሻ አካላት ውስጥ ይቀራል፤ የተረፈው ተመልሶ ይወጣል። ከሚቀረው አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ነው የሚያዘው። እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ድረስ የሚዘልቀው ከተተነፈሰው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ብናኙ ደቅቆ ወደ 1 ማይክሮሜትር ሲወርድ ወደ ከረጢቶቹ የሚደርሰው ድርሻ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በወንፊት ሥራና በእሳት ቃጠሎ የሚነሳው አቧራ ክብደቱ እኩል ቢሆንም ጉዳቱ እኩል አይደለም።

ሰውነት የገባበትን ብናኝ የሚያስወግደው በሁለት መንገድ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሽቀዳደማሉ። አንደኛው መጥረግ ነው። አፍንጫ ላይ ያረፈው በንፍጥ ይወጣል፤ ጉሮሮ ላይ ያረፈው በደቂቃዎች ውስጥ ይዋጣል፤ የአየር ቧንቧዎቹ ላይ ያለውን ደግሞ ጥቃቅን ፀጉሮች ከአክታ ጋር እየገፉ ሽቅብ ያወጡታል። የተዋጠው ወደ ሆድ ይወርዳል። አንጀት ዩራኒየምን ብዙም አይመጥም፤ ከሚሟማው 2 በመቶ፣ ከማይሟማው 0.2 በመቶ ያህል ብቻ ወደ ደም ያልፋል፤ ሌላው በጥቂት ቀናት ውስጥ በዓይነ ምድር ይወጣል። የአየር ከረጢቶቹ ግን እነዚያ ፀጉሮች የላቸውም። እዚያ የደረሰውን የሚውጡት ማክሮፋጅ የሚባሉት ጠባቂ ሕዋሳት ናቸው፤ እነሱም ሥራቸው አዝጋሚ ነው፣ ወራትና ዓመታት ይፈጃል።

ሁለተኛው መንገድ መሟሟት ነው። ብናኙ በሳንባ ፈሳሽ ውስጥ ከሟሟ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ቀለሞቹን የሚለያያቸው እዚህ ጋ ነው።

ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን በ1979 ባወጣው ሥርዓት ውህዶችን «የቀናት»፣ «የሳምንታት» እና «የዓመታት» ብሎ ከፍሏቸው ነበር፤ ከሳንባ ለመውጣት በሚወስድባቸው ጊዜ መሆኑ ነው። በ1994 ክፍፍሉ ተሻሽሎ ፈጣን፣ መካከለኛና ዝግተኛ ተባለ። የአሁኑ ከቀድሞው የሚለየው ሳንባ ራሱ የሚጠርገውን ከውህዱ መሟሟት ለይቶ ማስላቱ ነው፤ መጥረጉ የሰውነት ሥራ ነውና ለሁሉም ብናኝ አንድ ዓይነት ነው፣ መሟሟቱ ግን የውህዱ ጠባይ ነው። ፈጣን የተባለው በ10 ደቂቃ ግማሹ ይሟማል። መካከለኛው 10 በመቶውን ቶሎ ለቅቆ የቀረውን በ140 ቀን የግማሽ ጊዜ ይለቃል። ዝግተኛው ግን ከሺህ አንዱን ብቻ ቶሎ ይለቅና ለቀሪው የሚሰጠው የግማሽ ጊዜ 7,000 ቀን ነው፤ 19 ዓመት መሆኑ ነው።

ፈጣኑ

የፈጣኖቹ አለቃ ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ ነው። ማበልጸጊያዎች የሚሠሩት በእሱ ነው፤ ምክንያቱም 56 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ከቧንቧው ካመለጠና እርጥበት ያለው አየር ካገኘው ግን ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፤ ዩራኒል ፍሎራይድ የተባለ የሚሟማ ነጭ ብናኝና ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተባለ ሥጋ የሚበላ አሲድ። እርጥበት ያለው አየር ደግሞ የሰው ሳንባም ውስጥ አለ።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1944 በፊላደልፊያ የባሕር ኃይል ግቢ በነበረ የሙከራ ማበልጸጊያ ፍንዳታ ደርሶ ይህ ጋዝ ሁለት ሰዎች ገደለ፣ ሌሎችንም አቆሰለ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1986 ኦክላሆማ ጎር ከተማ አጠገብ በሚገኘው የሴኮያ ፊውልስ ፋብሪካ ደግሞ ከልክ በላይ የተሞላ ሲሊንደር ትርፉን ለማውጣት ሲሞቅ ፈነዳ፤ አንድ ሠራተኛ ሞተ። የገደለው ዩራኒየሙ አልነበረም፣ አሲዱ ነው። በእነዚህ አደጋዎች የሚገርመኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። በፊላደልፊያ ከተረፉት መካከል ክፉኛ ተጋልጠው የነበሩ ሁለት ሰዎች ከ38 ዓመታት በኋላ ሲመረመሩ በሰውነታቸው ውስጥ ሊለካ የሚችል ዩራኒየም አልተገኘም፤ ኩላሊታቸው ላይም ከአደጋው ጋር የሚያያዝ ጉዳት አልታየም። ፈጣኑ ውህድ የገባበትን ቤት በአንድ ቀን ያውካል፣ ግን አይከርምም።

ደም ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። የሟሟው ዩራኒየም ዩራኒል የሚባል ቅርጽ ይዞ በደም ውስጥ ካለው ባይካርቦኔት ጋር ይጣበቃል። እንዲህ ተጣብቆ ኩላሊት ወንፊት ላይ ሲደርስ ያለ ችግር ያልፋል። ችግሩ የሚጀምረው ከወንፊቱ በታች ነው። ሽንቱ በቱቦው ውስጥ ሲወርድ እየኮመጠጠ ይሄዳል፤ በኮምጣጣ ፈሳሽ ውስጥ ባይካርቦኔቱ ይለቀዋል፤ ብቻውን የቀረው ዩራኒል የቱቦውን ግድግዳ ይይዛል። የሚጎዱት ሕዋሳት የመጀመሪያው የቱቦ ክፍል ላይ ያሉት ናቸው፤ የሚጠቅመውን ስኳርና አነስተኛ ፕሮቲን ከሽንት ወደ ደም የሚመልሱት እነሱ ነበሩ። ሲደክሙ ስኳሩም ፕሮቲኑም ወደ ሽንት ያመልጣሉ፤ ሐኪም የስኳር በሽታ በሌለበት ሰው ሽንት ውስጥ ስኳር ሲያይ ወደዚህ ሐሳብ የሚሄደው ለዚህ ነው። ጉዳቱ ካልከፋ ሕዋሳቱ በሳምንታት ውስጥ ይተካሉ።

ደም ውስጥ ከገባው ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው በመጀመሪያው ቀን በሽንት ይወጣል። 12 በመቶ ያህል ኩላሊት ላይ ይቆያል፤ ይህም በ7 ቀን የግማሽ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። 15 በመቶ ገደማ አጥንት ላይ ካልሲየም የሚያርፍበትን ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ ከዚያ የተወሰነው ቶሎ ወደ ደም ሲመለስ የተወሰነው ለዓመታት ይዘገያል። ጉበትም ጥቂት ይይዛል።

የሕክምናውም ሐሳብ ከዚህ የተነሳ ነው። ለተጋለጠው ሰው ሶዲየም ባይካርቦኔት በደም ሥር ሲሰጥ ሽንቱ ኮምጣጣነቱን ያጣል፤ ዩራኒሉም ተሸካሚውን ሳይለቅ ይወጣል። ለፕሉቶኒየም የሚታዘዘው ዲቲፒኤ የተባለ መድኃኒት እዚህ አይመከርም፤ ይልቁንም ኩላሊቱ ላይ ያለውን ጫና ሊያባብስ ይችላል። «የጨረር መድኃኒት» በሚል አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ መቀመጣቸው ለሁሉም ይሠራሉ ማለት አይደለም።

ዝግተኛው

አሁን ጥቁሩንና ቡናማውን ኦክሳይድ እንውሰድ። በከፍተኛ ሙቀት የተቆላ ዱቄት አየር ከረጢት ውስጥ ሲያርፍ ማክሮፋጅ ይውጠዋል፣ ግን አይፈጨውም። የተወሰነው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። የተወሰነው የከረጢቱን ግድግዳ አልፎ ሥጋው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ይጓዛል። ዕጢዎቹ ትንንሽ ናቸውና በውስጣቸው የሚከማቸው ዩራኒየም በአንድ ግራም ሥጋ ሲሰላ ከሳንባው ሊበልጥ ይችላል።

ይህን በግልጽ ያሳየው በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ረጅም ሙከራ ነው። ውሾች፣ ዝንጀሮዎችና አይጦች በኪዩቢክ ሜትር 5 ሚሊግራም ዩራኒየም የያዘ የዳይኦክሳይድ ብናኝ እስከ 5 ዓመት ድረስ እንዲተነፍሱ ተደረገ። በእንስሳቱ ሰውነት ከተገኘው ዩራኒየም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሳንባቸውና የደረታቸው የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ነበር። ኩላሊታቸው አልተጎዳም። ሳንባቸውና ዕጢዎቻቸው ግን፣ በተለይ የዝንጀሮዎቹ፣ ጠባሳ አበጁ፤ ከዓመታት በኋላም በአንዳንዶቹ ውሾች ሳንባ ውስጥ እባጭ ታየ። ለኩላሊት የሚፈራው ብረት ያ ሁሉ ዓመት ኩላሊትን ሳይነካ ደረት ውስጥ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ የሚያስፈራው ጨረሩ ነው። ዩራኒየም የሚለቀው የአልፋ ቅንጣት በሥጋ ውስጥ ከ50 ማይክሮሜትር አያልፍም፤ ጥቂት ሕዋሳትን እንደማለፍ ነው። ከውጭ ሲሆን የሞተው የቆዳ ሽፋን ብቻ ያስቆመዋል፤ ጓንት ያደረገ ሠራተኛ ጥቁሩን ዱቄት ቢዝቅ ከአልፋው የሚደርስበት ነገር የለም። ውስጥ ሲሆን ግን ያለ የሌለ ጉልበቱን አጠገቡ ባሉት ሕዋሳት ላይ ያራግፋል። እርግጥ ዩራኒየም 238 (ተፈጥሯዊው ዩራኒየም ከሞላ ጎደል እሱ ነው) ግማሽ ዕድሜው 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ ጨረሩን የሚለቀው እየቆጠበ ነው፤ አንድ ሚሊግራም ተፈጥሯዊ ዩራኒየም በሰከንድ 25 አልፋ ቢለቅ ነው። በ19 ዓመት የግማሽ ጊዜ ለሚሟማ ነገር ግን እሱም ይጠራቀማል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት አንድ ሻካራ ስሌት ልሥራ። ለሠራተኛ የተፈቀደው የጨረር ወሰን በአማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰውነት ላይ የሚደርስ ጨረር መለኪያ) ነው። ዝግተኛ ውህድ ያለበት ተፈጥሯዊ ዩራኒየም ከሆነ እዚህ ወሰን ላይ ለመድረስ 130 ሚሊግራም ገደማ መተንፈስ ያስፈልጋል። ፈጣን ውህድ ከሆነ ግን ወደ 1,300 ሚሊግራም። ላይ ላዩን ሲታይ ፈጣኑ 10 እጥፍ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከተተነፈሰ ያ 1,300 ሚሊግራም ሩብ የሚያህለው ደም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ 12 በመቶው ኩላሊት ላይ ሲያርፍ በአንድ ግራም ኩላሊት 140 ማይክሮግራም ገደማ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ እንደ ወሰን ሲያገለግል የኖረው 3 ማይክሮግራም ነው፤ እሱም ይበዛል የሚሉ ብዙ ናቸው። ሠራተኛው የጨረር ወሰኑን ሳያልፍ ኩላሊቱ ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ ለሚሟማ ዩራኒየም ሕጉ የሚቆጥረው ጨረሩን ብቻ ሳይሆን ሚዛኑንም ነው፤ በአሜሪካ ለምሳሌ የኑክሌር ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በሳምንት ከ10 ሚሊግራም በላይ የሚሟማ ዩራኒየም ወደ ሠራተኛ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክላል። 10 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ ቢተነፈስ በዚያው ሻካራ ስሌት በግራም ኩላሊት 1 ማይክሮግራም ገደማ ነው የሚያደርሰው።

የሽንቱ ቁጥር

ሠራተኞችን ለመከታተል ዋናው መሣሪያ ሽንት ነው። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ዘመናዊ መለኪያዎችም ከማይክሮግራም በታች ያለን ዩራኒየም ያነባሉ። ግን ሽንት የሚናገረው ደም ውስጥ ስለገባው ብቻ ነው፤ ደረት ውስጥ ስለተቀመጠው ዝም ይላል። ፈጣን ውህድ የተነፈሰ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሽንቱ የተነፈሰውን 18 በመቶ ያህል ያወጣል። ዝግተኛውን የተነፈሰ ሰው ግን ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አያወጣም። ስለዚህ ቤተ ሙከራው ለሁለት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ቁጥር ቢጽፍ የአንደኛው የተነፈሰው መጠን ከሌላው ከ200 እጥፍ በላይ ሊበልጥ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም «እኩል» ናቸው።

በዚህ ላይ ምግብና ውሃ አሉ። ዩራኒየም ዓለትም አፈርም ውስጥ ስላለ ማንኛውም ሰው በቀን 1 ወይም 2 ማይክሮግራም ያህል ከምግብ ይወስዳል፤ የማንም ሰው ሽንት ጥቂት ዩራኒየም አያጣም። የተበለጸገ፣ ማለትም ቀላሉ ዓይነት ዩራኒየም 235 እንዲበዛበት የተደረገ ዩራኒየም የሚይዝ ሠራተኛ ከሆነ የ235ና የ238 ንጽጽር የፋብሪካውን ከምግቡ ይለያል። ተፈጥሯዊውን ለሚይዝ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ የጉድጓድ ውሃውና የፋብሪካው አቧራ መልካቸው አንድ ነው። ሌላም ተራ የሚመስል እንቅፋት አለ፤ ናሙናው የሚሰጠው በሥራ ልብስ፣ አቧራ ባለበት እጅ ከሆነ ብልቃጡ ውስጥ የገባው ከሰውየው ይሁን ከጣቱ አይታወቅም።

የናሙናው ሰዓትም ይናገራል። በሥራ ሳምንት መጨረሻ የተሰጠ ሽንት የፈጣኑን ውህድ ጡዘት ያሳያል። ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተሰጠው ደግሞ ፈጣኑ ከወጣ በኋላ ከሳንባና ከአጥንት እየተንጠባጠበ የሚመጣውን ይይዛል። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ባለሙያ ብዙ ነገር ይረዳል፤ አንዱን ብቻ ያየ ይገምታል።

ዝግተኛ ውህድ በሚያዝበት ቦታ ስለዚህ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። አንዱ የዓይነ ምድር ምርመራ ነው፤ ማንም አይወደውም፣ ሠራተኛውም ቤተ ሙከራውም፤ ግን ከአደጋ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ተጠርጎ የተዋጠውን ስለሚያሳይ ከሽንት እጅግ ይሻላል። ሌላው ሠራተኛው ደረቱ ላይ መለኪያ ተደርጎለት የሚተኛበት የሳንባ ቆጣሪ ነው። አልፋው ከደረት ስለማይወጣ መሣሪያው የሚያዳምጠው አብሮ የሚወጣውን ደካማ ጋማ ነው፤ ይህም ብዙ ሚሊግራም ካልተጠራቀመ በቀር አይሰማም። ከእነዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ኮሌታ ላይ የሚሰካው የአየር ናሙና መሰብሰቢያ ነው፤ ሰውየው የሚተነፍሰውን አየር ከአፍንጫው ጥቂት ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ይይዛልና።

ስም ሲያሳስት

የውህዱን ስም አውቆ ከሠንጠረዥ ላይ «ፈጣን» ወይም «ዝግተኛ» ብሎ ማንበብም ያሳስታል። ዱቄቱ የተቆላበት ሙቀት ከስሙ እኩል ይወስናል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ቅንጣቱ ይጠጥራል፣ ፈሳሽ የሚያገኘው ገጹ ይቀንሳል፣ መሟሟቱም ይዘገያል። ከማጣሪያ የሚወጣው ቢጫ ዱቄት ጥሩ ምሳሌ ነው። ለዘብ ባለ ሙቀት የደረቀው ቶሎ ይሟማል፤ በኃይለኛ ምድጃ የተቃጠለው ቀለሙ ጠቁሮ እንደ ኦክሳይድ ይዘገያል። በበርሜሉ ላይ ግን የሁለቱም ስም አንድ ነው።

ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን በ2017 ባወጣው የታደሰ መመሪያ ይህን በከፊል አምኖ ለዩራኒየም መካከለኛ መደቦች ጨምሯል። ብርቱካናማው ኦክሳይድና አረንጓዴው ጨው በፈጣንና በመካከለኛ መሀል፣ ጥቁሩና ቡናማው በመካከለኛና በዝግተኛ መሀል ተቀምጠዋል። ይበል የሚያሰኝ ነው፤ በእኔ ግምት ግን የሚበልጠው አሁንም ፋብሪካው የራሱን አቧራ ሰብስቦ በሰው ሠራሽ የሳንባ ፈሳሽ ውስጥ ማስሟማቱ ነው። ሠንጠረዡ የሌላ ሰው ዱቄት ነው።

ብልጽግናውም ሒሳቡን ያዛባዋል። ዩራኒየም ሲበለጸግ 235 ብቻ አይደለም የሚጨምረው፤ ከእሱም ይልቅ ቀላሉ 234 አብሮ ይሰበሰባል፣ አብዛኛውን አልፋ የሚለቀውም እሱ ነው። ለተለመዱት ማመንጫዎች የሚሆነው፣ 4 በመቶ የበለጸገው፣ በሚሊግራም ከተፈጥሯዊው 3 እጥፍ ያህል ይለቃል። አሁን ለአዳዲሶቹ አነስተኛ ማመንጫዎች የሚፈለገው ከ5 እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ነው፤ 20 በመቶ ላይ ልዩነቱ 14 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቅድም 130 ሚሊግራም ያልነው የዝግተኛው ውህድ ወሰን እዚህ ወደ 9 ሚሊግራም ይወርዳል፤ በዓይን የሚታይ አቧራ እንኳ ላይሆን ይችላል። ፈጣኑ ውህድ ግን በ20 በመቶም ቢሆን ከጨረሩ ይልቅ ኩላሊትን ነው የሚቀድመው። ለተፈጥሯዊ ዩራኒየም የተዘረጋን የአየር ማስወጫና የክትትል ልማድ እንዳለ ወደ አዲሱ ነዳጅ ማዛወር የማይሆነው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ በሠራተኞች ሞትና ሕመም ላይ ምን ያህል ታየ? ከማዕድን ቆፋሪዎቹ በተለየ መልሱ ደብዛዛ ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም በዩራኒየም ማቀነባበሪያ የሠሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጠንተዋል። በጥቅሉ ሲታዩ ከሕዝቡ አማካይ ያነሰ ይሞታሉ፤ ይህ ግን ዩራኒየም ስለሚስማማ ሳይሆን ጤነኛ ሰው ነው ተመርምሮ የሚቀጠረው። የሳንባ ካንሰርን በተመለከተ አንዳንዱ ጥናት ጭማሪ ያሳያል፣ አንዳንዱ አያሳይም፤ ማን ያጨስ እንደነበር በብዙዎቹ መዝገቦች ላይ አልተጻፈም። በቤልጂየም፣ በፈረንሳይና በብሪታንያ ሠራተኞች ላይ የተደረገውና በ2017 የታተመው ጥናት የፕሉቶኒየምን ጉዳት ከዩራኒየም በተሻለ ግልጽነት ነው ያየው።

ለእኔ ትልቁ ምክንያት መዝገቡ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ፋይሎች ውስጥ የሽንት ቁጥሮች ሞልተዋል፤ በሊትር ይህን ያህል ማይክሮግራም የሚሉ። ዱቄቱ የትኛው እንደነበር የሚናገር ግን ብዙ ጊዜ የለም። ፈጣኑንም ዝግተኛውንም ቀላቅሎ የቆጠረ ጥናት የኩላሊቱን ከሳንባው ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። የዩራኒየም ፋብሪካዎች ባሉባት የፈረንሳይ ከተማ ፒየርላት የተሰማሩ ተመራማሪዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት የሄዱት ወደ ቤተ ሙከራ ብቻ አልነበረም። በሥራ ላይ ያሉትንና ጡረታ የወጡትን ሠራተኞች እየጠየቁ በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ሥራ፣ የትኛው ውህድ በምን ያህል መጠን ይያዝ እንደነበር የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ ነው በዝግታ የሚሟማውን ከሌላው ለይተው ማስላት የቻሉት።